መሬት፣ ድርቅና የውጭ መንግሥታት፦ ከዚምባብዌ ታሪክ ምን እንማራለን?

ለወላጆቻችን «ዚምባብዌ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው አንድ ሰው ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባን ጥለው ሐራሬ ገቡ። በዚያው ሳምንት በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል በረሩ። ለእኛ እዚህ ላደግነው ወጣቶች ደግሞ ዚምባብዌ ማለት ብዙ ጊዜ ያ ባለ መቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት ነው፤ በስልክ እየተላላክን የምንስቅበት።

ከሁለቱም ጀርባ ግን አንድ ትልቅ ታሪክ አለ። መሬት የተነጠቀበት፣ ከዚያም እንደገና የተነጠቀበት፣ በመካከሉም ሰማይ የደረቀበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ መሬት ሲወረርና ድርቅ ሲመጣ የውጭ መንግሥታት ምን አደረጉ? ማንን አዩ? ማንንስ ሳያዩ አለፉ? «ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠን፤ መልሱ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከሩቅ ነው

አባቶቻችን «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላሉ። የሾናና የንዴቤሌ ሕዝቦችም እንደዚሁ ነበሩ። በ1890 የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ከብሪታኒያ ዘውድ ፈቃድ ይዞ፣ የታጠቁ ሰፋሪዎችን አሰልፎ አገራቸው ገባ። በ1896 እና በ1897 ሕዝቡ ተነሣ፤ «ቺሙሬንጋ» ይሉታል፣ የነጻነት ትግል እንደማለት ነው። አመፁ በጦር ተደመሰሰ፤ አገሩም በሮድስ ስም «ሮዴዥያ» ተባለ።

ከጦሩ በኋላ ሕግ ተከተለ። በ1930 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ ከአገሩ መሬት ከግማሽ በላይ የሆነውን ለአውሮፓውያን ሰጠ። ያን ጊዜ አውሮፓውያኑ ከሕዝቡ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ለጥቁሮቹ የተተወው ክልል አብዛኛው አሸዋማና ዝናብ አጠር ነው። ይህን ነጥብ እንያዝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። መሬቱ ሲከፋፈል ዝናቡም አብሮ ተከፋፍሏል። ድርቅ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚራበው ማን እንደሆነ በ1930 በወረቀት ተወስኗል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሎንዶንስ? በሥልጣኗ ሥር የነበረው የሰፋሪዎች መንግሥት አድሏዊ ሕግ ሲያወጣ የማገድ መብት ነበራት። ይህን ሕግ ግን አላገደችም።

በ1965 የነጮቹ መሪ ኢያን ስሚዝ ሥልጣን ለብዙሃኑ ላለማካፈል ሲል ነጻነት በራሱ አወጀ። የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ጣለ። ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክን ትገዛ የነበረችው ፖርቱጋል ግን በሩን ክፍት አደረጉለት፤ አሜሪካም ከ1971 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ክሮም የተባለውን ማዕድን ገዛችው። ለጥቅም ሲባል ማዕቀብ እንደሚላላ የዚያ አገር ሰው ያኔ ነው ያየው።

በለንደን የተፈረመው ውል

ከረጅም የጫካ ጦርነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1979 ተዋጊዎቹና ብሪታኒያ ላንካስተር ሃውስ በተባለው ቤት ተፈራረሙ። ድርድሩ በመሬት ጉዳይ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ለአሥር ዓመት መሬት የሚተላለፈው ሻጭ ሊሸጥ ከወደደና ገዢ ሊገዛ ከቻለ ብቻ ነው። ብሪታኒያ በገንዘብ እንደምትረዳ በቃል ተነገረ። ስንት ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለው ግን በውሉ ላይ በቁጥር አልሰፈረም።

ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዚምባብዌ ነጻ ወጣች፤ ሮበርት ሙጋቤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያን ጊዜ ወደ 6,000 የሚሆኑ ነጭ ገበሬዎች 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይዘዋል። አዲሱ መንግሥት 162,000 ቤተሰቦችን አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ መሬት ያገኙት ግን ወደ 70,000 ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ብሪታኒያ በእነዚህ ዓመታት ለመሬት ጉዳይ 44 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠች።

ለምን ተጓተተ? እውነቱን እንናገር ካልን ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። ሻጮቹ ጥሩውን መሬት ይዘው ደካማውን ያቀርባሉ፤ ዋጋው ይንራል። የሙጋቤ መንግሥትም ለመሬት የሚመድበው በጀት ትንሽ ነበር፤ ከተገዙት እርሻዎች አንዳንዶቹ ለድሃ ገበሬ ሳይሆን ለባለሥልጣን መሰጠታቸውም ታወቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እዚያም ይሠራል። ለጋሾቹ ይህን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። በመካከሉ መሬት ይሰጠኛል ብሎ የተዋጋው ገበሬ በዚያው አሸዋ ላይ ቀረ።

መጀመሪያው ድርቅ፦ 1992

ከ1991 እስከ 1992 ደቡባዊ አፍሪካን በዘመኑ ካየችው ሁሉ የከፋ ድርቅ መታት። ዚምባብዌ ለጎረቤቶቿ በቆሎ የምትሸጥ አገር ነበረች። ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ግን መንግሥቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የመጠባበቂያ ጎተራውን አራግፎ ሸጦ ነበር። ዝናቡ ሲጠፋ ጎተራውም ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ምን ሆነ? ብዙዎች የፈሩት እልቂት አልደረሰም። የአካባቢው አገሮችና የተባበሩት መንግሥታት አንድ ላይ ሆነው ጥሪ አቀረቡ፤ አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች እህል ሰጡ። የአፓርታይድ ሥርዓት ገና ተደራድሮ ያላበቃባት ደቡብ አፍሪካ ወደቦቿንና ባቡሮቿን ለጎረቤቶቿ እህል ከፈተች። በዚምባብዌ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በየመንደሩ የበቆሎ ድርሻውን ተቀበለ። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ሳድዛ ለእነሱ ለእኛ እንጀራ እንደሆነው ነው። እሱ ከጠፋ «በላሁ» የሚል ሰው የለም።

የውጭ መንግሥታት ሲፈልጉ ምን ማድረግ እንደሚችሉ 1992 ያሳያል። መንግሥትና ለጋሽ በመሬት ጉዳይ ቢነታረኩም ክርክሩ እህሉ ላይ አልደረሰም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እንዲህ አልሆነም።

ደብዳቤው

በ1997 በብሪታኒያ የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በኅዳር ወር የልማት ሚኒስትሯ ክሌር ሾርት ለዚምባብዌ የግብርና ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ብሪታኒያ የመሬት መግዣ የመክፈል ልዩ ግዴታ አለብኝ ብላ አትቀበልም፤ አዲሱ መንግሥት ከድሮው ቅኝ ገዢ ጋር ትስስር የለውም፤ ለድሆች የሚጠቅም እቅድ ከመጣ ግን ልንረዳ እንችላለን። ሚኒስትሯ የራሳቸው ዘር ከአየርላንድ መሆኑንና አየርላንዶችም ተገዢ እንጂ ገዢ እንዳልነበሩ ጨምረው ጻፉ።

ይህች ደብዳቤ በሐራሬ እንደ ስድብ ተቆጠረች። እኛ ስናስበው ሁለቱም ወገን የየራሱ ምክንያት ነበረው። ለንደን «ገንዘቤ ለባለሥልጣን እርሻ መግዣ አይሆንም» ማለቷ ትክክል ነው። ነገር ግን መንግሥት ሲቀየር ዕዳ አይሰረዝም። የአያትህን ቤት ከወረስክ የአያትህንም ዕዳ ትወርሳለህ፤ ይህን በሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በመስከረም 1998 በሐራሬ ትልቅ የለጋሾች ጉባኤ ተደረገ። የተለያዩ መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ተቋማት ተሰብስበው የመሬት ማሻሻያ አስፈላጊ ነው፣ በግልጽነትና በሕግ ይሁን፣ ድሃውን ይጥቀም ብለው ተስማሙ። መግባባቱ ጥሩ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚያው ዓመት ሙጋቤ ጦራቸውን ወደ ኮንጎ ጦርነት ላኩ፤ ለጋሾቹ ይበልጥ ራቁ። የመጨረሻዋ ጥሩ ዕድል እንዲህ አለፈች።

ወረራው

በየካቲት 2000 የሙጋቤ መንግሥት አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ለተወሰደ መሬት ካሳ የምትከፍለው ብሪታኒያ ናት የሚል አንቀጽ ነበረበት። ሕዝቡ «አይሆንም» አለ። ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ የቀድሞ ተዋጊዎች፣ ከእነሱም ጋር የገዢው ፓርቲ ወጣቶች፣ እርሻዎችን መያዝ ጀመሩ። ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ቢልም ፖሊስ አልተንቀሳቀሰም። ምርጫ እየቀረበ ነበር፤ አዲሱ ተቃዋሚ ፓርቲ በከተማውና በእርሻ ሠራተኞች ዘንድ ደጋፊ አግኝቷል። ገበሬዎች ተገደሉ፤ ከእነሱ የሚበልጡ ጥቁር ሠራተኞችና የተቃዋሚ ደጋፊዎችም ተደበደቡ፣ ተገደሉ።

የውጭ መንግሥታት ምላሽ ብዙ ዓይነት ነበር። ብሪታኒያ የራሷን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ለማውጣት እቅድ አወጣች። በመስከረም 2001 በናይጄሪያ ዋና ከተማ አቡጃ የኮመንዌልዝ ሚኒስትሮች ተሰብስበው፣ ዚምባብዌ ወረራውን እንድታቆም፣ ብሪታኒያ ደግሞ ሕጋዊውን ማሻሻያ በገንዘብ እንድትረዳ ተስማሙ፤ ስምምነቱ ከወረቀት አላለፈም። በታኅሣሥ 2001 አሜሪካ ሕግ አወጣች፦ በዓለም ባንክና በገንዘብ ድርጅቱ ያሉ የአሜሪካ ተወካዮች ለዚምባብዌ ብድር እንዳይደግፉ የሚያዝ። በየካቲት 2002 የአውሮፓ ኅብረት በሙጋቤና በ19 ባለሥልጣናት ላይ የጉዞና የንብረት እገዳ ጣለ። በመጋቢት ኮመንዌልዝ ዚምባብዌን አገደ፤ በ2003 መጨረሻ ሙጋቤ ራሳቸው ጥለው ወጡ።

የአፍሪካ መንግሥታትስ? የደቡብ አፍሪካው ታቦ ምቤኪ «ዝምተኛ ዲፕሎማሲ» የሚባለውን መረጡ፤ በአደባባይ ላለመውቀስ፣ በጓዳ ለመምከር። የሊቢያው ጋዳፊ ነዳጅ ሰጡ። ብዙዎቹ መሪዎች የመሬት ጥያቄው የራሳቸውም ቁስል ስለነበረ ሙጋቤን ማውገዝ ከበዳቸው። በመስከረም 2002 በጆሃንስበርግ የዓለም ጉባኤ ሙጋቤ ቶኒ ብሌርን «እንግሊዝህን ያዝ፣ ዚምባብዌዬን ተውልኝ» በሚል መንፈስ ሲናገሩ ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ።

ጎረቤቶቹ ሌላም ነገር አደረጉ፤ የተባረሩትን ነጭ ገበሬዎች ጋበዙ። ዛምቢያና ሞዛምቢክ መሬት ሰጧቸው። በናይጄሪያ የክዋራ ግዛት አስተዳደር ለጥቂት ገበሬዎች ሰፊ እርሻ አዘጋጀ። ሙያቸው ተፈላጊ ነበር፣ አንቃወምም። ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ሠራተኞቻቸውን ማን ጋበዘ?

ሁለተኛው ድርቅ፦ 2002

ዝናቡ በ2002 መጀመሪያ ጠፋ። በስድስት አገሮች፣ በሌሶቶ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በስዋዚላንድ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዚምባብዌ ነበር።

ያኔ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ የረሃቡ ምክንያት ድርቁ ነው ወይስ ወረራው? መንግሥቱ «ድርቁ» ይላል፣ ምዕራባውያኑ «ወረራው» ይላሉ። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ሁለቱም አሉበት፣ ግን የመቱት ቦታ የተለያየ ነው። አብዛኛውን በቆሎ ያመርቱ የነበሩት በዝናብ የሚያርሱት ትናንሽ ገበሬዎች ናቸው፤ እነሱን የመታቸው ድርቁ ነው። ትልልቆቹ እርሻዎች ደግሞ መስኖ፣ ስንዴ፣ የዘር በቆሎና ትምባሆ ነበራቸው። ትምባሆ ተሽጦ ዶላር ይገኛል፤ በዶላሩ በክፉ ቀን እህል ይገዛል። ወረራው የመታው ይህን መጠባበቂያ ነው። የትምባሆው ምርት በ2000 ከ230 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ነበር፤ በ2008 ከ50 ሚሊዮን በታች ወረደ። በ1992 ጎተራው ባዶ ቢሆንም መግዣ ገንዘብና ወዳጅ ነበር። በ2002 ሁለቱም ሳስተዋል።

የውጭ መንግሥታት እህል አልከለከሉም፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። መንግሥቱን በማዕቀብ የቀጡት አሜሪካ፣ ብሪታኒያና የአውሮፓ ኅብረት ራሳቸው ትልቁን እርዳታ ሰጡ። ሆኖም እህሉ ከጭቅጭቁ አልዳነም። የአሜሪካ በቆሎ ከፊሉ በዘረመል የተለወጠ ነበር። ገበሬ ከእርዳታው ቆንጥሮ ቢዘራው ከአገሩ ዘር ጋር ይቀላቀላል፣ ወደ አውሮፓ የምንሸጠውንም ያበላሽብናል ብለው መንግሥታቱ ፈሩ። ዚምባብዌ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ ተፈጭቶ ይግባ አሉ። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ ግን ተፈጭቶም አይገባም ብለው እስከ መጨረሻው እምቢ አሉ። አሜሪካ አውሮፓን፣ አውሮፓ አሜሪካን ሲወቅሱ በመጋዘን የተከማቸው እህል በተራበ ሰው መካከል ተቆልፎ ሰነበተ።

በዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ በቆሎ ማስገባትና መነገድ የመንግሥቱ የእህል ድርጅት ብቻ ሥራ ሆኖ ነበር። በድጎማ የሚሸጠውን እህል ለመግዛት የፓርቲ ካርድ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች እንደነበሩ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በ2003 ባወጡት ዘገባ ጽፈዋል።

ይህ ለወላጆቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ምዕራባውያን መንግሥታት ለደርግ እህል ሲልኩ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ደርግ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ በሰፈራ ሲያጓጉዝ፣ ከለጋሾቹ አንዳንዱ «እህላችን ለማን ጉልበት እየሆነ ነው?» አለ፤ ሌላው «የተራበ ይብላ፣ ቀሪው በኋላ» አለ። ቀላል መልስ ያኔም አልነበረም።

ማንም ያልጠየቀላቸው ሰዎች

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን መጣን። በእነዚያ እርሻዎች ላይ ከ300,000 በላይ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር፤ ከነቤተሰባቸው ሲቆጠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙዎቹ አያቶቻቸው በቅኝ ግዛት ዘመን ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክና ከዛምቢያ ለሥራ የመጡ ናቸው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርጅተው፣ ልጆቻቸውን እዚያው ቀብረዋል። ነገር ግን የሚያርሱት መሬት የሰው ነው፤ ቤታቸው የአሠሪው ነው፤ የትውልድ መንደር የላቸውም ተብለው «ባዕድ» ይባላሉ።

ወረራው ሲመጣ ሁለት ጊዜ ተመቱ። አሠሪያቸው ሲባረር ሥራም ቤትም አጡ። መሬቱ ሲከፋፈል ደግሞ «እናንተ የጌታችሁ ወገን ናችሁ፣ የአገሩም ልጆች አይደላችሁም» ተብለው ጥቂቶቹ ብቻ ድርሻ አገኙ። በ2001 የወጣው የዜግነት ሕግ የሌላ አገር ዜግነት ሊኖረው የሚችል ሁሉ በጽሑፍ ካልካደ የዚምባብዌ ዜግነቱን ያጣል አለ። ማላዊን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ማላዊን እንዲክድ ታዘዘ። ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልግም።

የውጭ መንግሥታትስ? ባለ እርሻው ፓስፖርትና የይዞታ ሰነድ ስለነበረው ኤምባሲ ጮኸለት፤ በ2008 የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ፍርድ ቤት ፈረደለት። የአካባቢው መንግሥታት ፍርዱን ከማስፈጸም ይልቅ በኋላ ፍርድ ቤቱን ራሱን ማፍረሳቸው ሌላ ጉድ ነው። መሬት ፈላጊው ገበሬ መንግሥቱ ስሙን ይዞ ተሟገተለት። ለእርሻ ሠራተኛው ግን ማንም አልተሟገተም። ለጋሾች በተወረሩ እርሻዎች ላይ የልማት ገንዘብ ማፍሰስ ወረራውን ማጽደቅ ይሆናል ብለው ራቁ፤ ሠራተኛው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታሪኩ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንዳይመስል ሌላውንም ወገን እንጨምር። ከ140,000 በላይ ቤተሰቦች በወረራው መሬት አግኝተዋል። ምርጦቹን እርሻዎች የወሰዱ ባለሥልጣናት ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ግን ተራ ገበሬዎች ናቸው። ከዓመታት በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጠንክረው የሠሩ፣ ያመረቱ እንዳሉ አሳይተዋል። ያ የወደቀው የትምባሆ ምርት በ2023 ከ290 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ሆኗል፤ አብዛኛውን ያመረቱት ትናንሽ ገበሬዎች ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው መሬት ለገበሬ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ አልነበረም። ስንት ዓመት ተጓቶ፣ በማን ደም፣ ማንን አስወጥቶ ተሰጠ የሚለው ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

አያቶቻችን በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወገራ ሲኖሩ ያርሱት የነበረው መሬት የማን ነበር? በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡ ርስት እንዳይወርሱ ታወጀ ተብሎ ይነገራል። እኛን ለመስደብ የተጠቀሙበት «ፈላሻ» የሚለው ቃልም ከስደተኛነትና ከርስት አልባነት ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ብዙዎቹ አያቶቻችን የሰው መሬት በጭሰኝነት እያረሱ፣ ምርታቸውን ለባለርስት እያካፈሉ፣ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ኖረዋል። እዚያው ለዘመናት ኖረው «እንግዳ» ተባሉ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲያፈርስ ቤተ እስራኤልም የማረሻ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ብዙ ሽማግሌዎች ይህን ቀን በደስታ ያነሡታል። ግን ደስታው ሰላም አላመጣም፤ መሬታቸውን ያጡ ባለርስቶችና አዲሱን መንግሥት የተዋጉ ታጣቂዎች በአካባቢው መንደሮቻችንን ጎዱ። የመሬት ፍትሕ ሲመጣ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ወላጆቻችን ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

ስለዚህ ከዚምባብዌ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ይመስለናል። አንድ መንግሥት ስለሌላ አገር የመሬትና የረሃብ ጉዳይ ሲናገር ስንሰማ፣ «ከማን ጎን ነው?» ከማለታችን በፊት ሰነድ ለሌለው ሰው ምን አደረገ ብለን እንጠይቅ። ሰነድ ያለውን ሁሉም ያየዋል። ጉልበት ያለውንም ሁሉም ይሰማዋል። ሦስተኛውን ሰው ለማየት ግን ሆን ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነገር፣ ቃል የተገባ ገንዘብ በሰላሙ ጊዜ ይሰጥ። በ1980ዎቹና በ1998 ያልተከፈለው በኋላ በብዙ እጥፍ ለእህል እርዳታ ወጥቷል።

ታሪኩ አላለቀም። በ2013 የወጣው የዚምባብዌ ሕገ መንግሥት በአገሩ ለተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከጎረቤት አገሮች ለመጡ ሰዎች ዜግነታቸውን አወቀ። በሐምሌ 2020 መንግሥቱ ለተባረሩት ገበሬዎች በመሬቱ ላይ ለሠሩት ቤት፣ መስኖና ጉድጓድ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ሊከፍል ተፈራረመ። በመጋቢት 2024 አሜሪካ የቆየውን የማዕቀብ ፕሮግራም አንሥታ፣ በፕሬዚዳንቱና በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ በሌላ ሕግ እገዳዋን ቀጠለች። ከአንድ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ በድርቅ ምክንያት ብሔራዊ አደጋ አወጁ፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልገናል አሉ። ዛምቢያና ማላዊም ከዚያ ቀደም ብለው አውጀው ነበር። ጥያቄው እንግዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ቀርቧል፤ እንደ 1992 ይመለስ ይሆን ወይስ እንደ 2002?

ወንድሞችና እህቶች፣ በመጪው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ ወይም እድሜ የሰጣቸው አያት ካሉ እነሱን ጠይቁ፦ የምታርሱት መሬት የማን ነበር? ከምርቱ ስንት እጅ ለባለርስቱ ትሰጡ ነበር? በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እህሉ ከየት መጣ፣ ማን አደለው፣ ማን ቀረ? መልሱን በስልካችሁ ቅዱት፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት። ወላጆችም እባካችሁ «ያለፈ ነው፣ ተውት» አትበሉን። የእርሻ ሠራተኞቹ ታሪክ የጠፋው የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ነው። የእናንተን ግን የምንጽፍ እኛ አለን።